ከካቡ ወዲህ አትምጣ

የንፋስ መውጫው ፎቶ አንሺ አያሌው የሰው አፍንጫ ያሳብጣል እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱ ደግሞ ሐሰት አልነበረም። ከገበያው በላይ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ ደንበኛውን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ካሜራውን ይዞ ይጠጋል። ፊቱ ሞልቶ እንዲወጣለት ክንድ ያህል እስኪቀረው ድረስ ይጠጋል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አፍንጫ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ ጆሮ ደግሞ እንደ ባለ ዕዳ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይገኛል።

«አንተ አያሌው፣ ይሄ አፍንጫ የማን ነው?»

«የርስዎ ነዋ!»

«ተው እንጂ፤ እኔ ይዤው የመጣሁት ትንሽ ነበር።»

ገበያው ይስቃል፣ አያሌውም አብሮ ይስቃል። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ካሜራው አንድ ዓይን ብቻ ነበረው፤ የአገሩ ሰው ሌንሱን ዓይን ነው የሚለው። ያቺ ዓይን፣ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሯ፣ ለቤትና ለበቅሎ፣ ለማኅበርና ለሠርግ የተሠራች ናት። ፊት ላይ ሲጠጉባት ትደነግጣለች።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ በዙፋናቸው ባሉበት፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ያን ጊዜም እንዳሁኑ ንፋሱ ከአንዱ ገደል ይነሣል፣ በገበያው መሐል ያልፋል፣ በሌላው ገደል ይወርዳል፤ ሲያልፍም የየቤቱን ቆርቆሮ ሳያንኳኳ አያልፍም። «ማን ነው?» ብሎ የሚከፍት እንግዳ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ንፋስ መሆኑን ያውቃል፤ ወይም ንፋስ ነው ብሎ መተውን ይመርጣል።

አያሌው የጋይንት ገበሬ ልጅ ነው። ጎንደር ጦር ሰፈር ሳለ ካሜራ ከሚይዝ የጦር ጓደኛው ሙያውን ቀሰመ፣ ከዚያ ወታደርነቱን ትቶ አገሩ ገባ። ሚስቱ ሐረገ ወይን ትባላለች። እዚያው ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር የየኔታ ወልደማርያም አንድያ ልጅ ናት።

ሐረገ ወይንን አንድ ነገር ያማት ነበር። ሐኪም የሚያየው፣ ጠበል የሚያጥበው በሽታ አይደለም። የእናቷን ፊት ረስታዋለች።

እናቷ አሰለፈች የሞተችው እሷ ገና ሕፃን ሳለች ነው። የእናቷ እጅ ትዝ ይላታል። የባዘቶው ሽታ ትዝ ይላታል፤ እናቷ ፈታይ ነበረች። ፊቱ ላይ ስትደርስ ግን ባዶ ነው፤ ዝናብ እንዳጠበው የግንብ ሥዕል። በዚያ አገር ደግሞ ሴት ልጅ ዝም ብላ አታለቅስም፤ ሙሾ ታወጣለች። የሟቿን ጥርስ፣ አንገት፣ አካሄድ እያነሣች፣ መልኳን ለለቀስተኛው መልሳ እየሠራች ታለቅሳለች። በየሰው ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ዞር ይሉና «አንቺስ ሐረግ፣ ለእናትሽ ትንሽ በዪላት እንጂ» ይሏታል። አፏን ትከፍታለች። መልኩን ያላወቁትን ሰው በምን ያለቅሱታል? አፏን ትዘጋለች። አንዴ አንዷ ምላሰኛ «እናት ወለዳት ወይስ ከዛፍ ለቀሟት?» ስትል ሰምታታለች፤ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ራት አልበላችም።

አሁን ደግሞ አባቷ እያረጁ ነው። የሳቸውም ፊት እንደ እናቷ ቢጠፋባትስ? የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

ጥቅምት ላይ ባልና ሚስቱ ቤተ ልሔም ወረዱ። የኔታ ከጎጇቸው ደጅ፣ ከወይራው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ያዜማሉ፤ ሲያዜሙ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ፊት ለፊታቸው የግቢው ካብ አለ። በካቡና በሳቸው መካከል ያለችው መሬት ባዶ ናት፤ ሣር ብቻ።

አያሌው ያችን ሣር ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ ልብ ያላት ግን ያን ቀን ነው። ተማሪዎቹ ከጎጆ ወደ በር ሲሄዱ በቀጥታ አያቋርጧትም። በዳር ይዞራሉ። ውሃ የተሸከመው ይዞራል፣ እየሮጠ የመጣው ይዞራል። ውሻው እንኳ ደርሶ ቆመ፣ ጆሮውን ቀሰረ፣ ዞረ።

«ለምንድን ነው የምትዞሩ?» አለ አንዱን ተማሪ።

ተማሪው ሣሩን አየና ግራ ገባው። «እንጃ። ስንመጣም እንዲሁ ሲዞሩ ነው ያገኘናቸው።»

ሐረገ ወይን ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ይነሡልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ፊትዎን ላስቀምጠው።»

«ፊቴን ሳታይ ያደግሽ ይመስል!»

«የእናቴንስ አይቼው አልነበር? ታዲያ የት አለ?»

የኔታ ዜማቸውን አቆሙ። ሚስታቸው ስትሞት ገና ጎልማሳ ነበሩ፤ ግን ቄስ ናቸው፤ ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም፣ ሕጉ ነው፤ እሳቸውም ልጃቸውን ለእህታቸው ሰጥተው ብቻቸውን ኖሩ። ብቻቸውን ኖሩ ይባላል እንግዲህ። ወደ ሣሩ ትንሽ ተመለከቱ፣ አንድ ነገር የሚሰሙ ይመስል ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ያነሣል፤ አይደግምም። ከካቡ ውጭ ቆሞ ነው የሚያነሣ።»

አያሌው ደነገጠ። «የኔታ፣ ከዚያ ላይ ቆሜ እኮ ፊትዎ ምስር ያህል ነው የሚወጣ!»

«ምስርም የእግዜር ፍጥረት ናት።»

«ትንሽ ጠጋ ብል—»

«ከካቡ ወዲህ አትምጣ። ትረግጣለህ።»

«ምን እረግጣለሁ?»

የኔታ ዜማቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

አያሌው ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሲያስብ ሄደ። ባለ ሃምሳዋ ከካቡ ላይ ሆና የምታነሣው ወይራውን፣ ጎጆውን፣ ሰማዩን ነው፤ የኔታ ከመሐል እንደ ወፍ ጠብ ይላሉ። ምስሏን አሳድጋለሁ ቢል ፊቱ ወደ ጥቁርና ነጭ ቅንጣት ይበተናል፤ የተዘራ ጤፍ ይመስላል። ቆሞ ከሩቅ የሚያነሣ፣ ፊትን ግን አቅርቦ የሚያመጣ ዓይን ያስፈልገዋል። አዝመራው እንደተሰበሰበ በጭነት መኪና ጀርባ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ጎንደር ገባ።

ጎንደር ላይ ሙሴ ካሬኪን የሚባሉ አርመን ነጋዴ የሰዓት፣ የመነጽርና የካሜራ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ከመሳቢያ ሁለት ሌንስ አውጥተው ቀይ ከፋይ ላይ አኖሩለት። አንዱ አጭር፣ ድብልብል ያለ፤ ሌላው እንደ ቀንድ ዋንጫ የረዘመ።

«ፊት ልታነሣ ነው ወይስ ጭልፊት?» አሉት።

«ፊት ነው እንጂ፣ ሙሴ።»

«እንግዲያው ይቺ ናት፣ ዘጠናዋ። ሳትጠጋ ታነሣባታለህ፤ አፍንጫን በአፍንጫነቱ፣ ጆሮን በጆሮነቱ ትተዋለች። ይሄ ረጅሙ መቶ ሠላሳ አምስት ነው። የበለጠ ያቀርባል። ግን ጥራቱ ስስ ነው፤ ፊት ሞልተህ ስታነሣበት አጥርቶ የሚያሳይህ ከጣት ውፍረት አይበልጥም፣ ከዚያ ፊቱም ኋላውም ጭጋግ ነው። የብርሃን መግቢያ ጉድጓዱን አጥብበህ ላጥራው ብትል ደግሞ ብርሃን ይጠማዋል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያይ፣ ሰውየው ከተነቃነቀ በቃ።»

አያሌው ሰምቷል፤ ጆሮው ሰምቷል። እጁ ግን ረጅሙን ካሜራው ላይ ገጥሞ በሱቁ በር ወደ ውጭ እያየ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ቆማ ሰው ትጠብቃለች። ቀለበቱን አዞረው። ሽፋሽፍቷን አየ! ከማዶ፣ አንድ በአንድ! ሴትዮዋ ማንም ያያት አልመሰላትም፤ ከንፈሯ ብቻዋን ስትሆን የምታወራውን ያወራል። አያሌው ልቡ ዘለለ። እንዲህ ቀርቦ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ሚስቱን እንኳ።

«ይሄን ነው የምፈልግ!»

ሙሴ ካሬኪን ትከሻቸውን ሰበቁ። «ካልተስማማህ መልሰው። ዘጠናዋ ትጠብቅሃለች።»

ንፋስ መውጫ ሲመለስ ከደስታው ብዛት ሳይበላ ሥራ ጀመረ። ከክፍሉ ደጅ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ገበያተኛውን ከሩቅ ያነሣል። የመጀመሪያው እህል ነጋዴው አያ ተሻገር ነበር፤ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ፣ ትንሽ ዘወር ብሎ ሲስቅ ነው ያገኘው።

በቀትር ክፍሉን ዘግቶ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ደፍኖ፣ ቀዩን መብራት አበራ። ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ከተተ። ቀስ እያለ የተሻገር ፂም መጣ። ጥርሱ መጣ። ግራ ዓይኑ መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ቅንድቡ እየተቆጠረ፣ ከውሃው ውስጥ አያሌውን ቀና ብሎ አየው። አያሌው ቀኝ ዓይኑን ጠበቀ። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ጠቆረ፣ ያ ግን አልመጣም። በቦታው ጭጋግ ብቻ ነበር፤ ጉንጩና ግንባሩ የሚዋሐዱበት ነጭ ጭጋግ።

ሌሎቹንም አጠበ። ሁሉም ዘወር ብለው የተነሡ ናቸው፤ ረጅሙ ሌንስ የቀረበውን ዓይን አጥርቶ የራቀውን ውጦታል። ገመዱ ላይ ሰቀላቸው። ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ገመዱ ተወዛወዘ፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እያንዳንዳቸው በአንድ ዓይን፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ ተመለከቱት። አያሌው ጀርባውን ሰጥቷቸው ሳያውቀው በር ከፍቶ ወጣ።

ለሌላ አገር ሰው ይህ የሙያ ጉድለት ነው፣ ያልፋል። በጋይንት ግን አያልፍም። እዚያ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አንብቧል። ጻድቅ በሥዕል ላይ በሁለት ዓይኑ ሰውን ፊት ለፊት ያያል። ይሁዳ፣ ሰቃልያኑ፣ አጋንንቱ ግን ጎናቸውን ሰጥተው ነው የሚሣሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ሠዓሊ ሁለተኛ ዓይን የሚከለክለው የተኮነነን ነው።

አያ ተሻገር ፎቶውን ሲያይ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «አንተ ልጅ! እኔን ከሰቃልያኑ ጋር ደመርኸኝ?»

«የለም አያ ተሻገር፣ የሌንሱ ጠባይ—»

«ድሮስ የእህል ስፍርህ ጎዶሎ አይደለም?» አለው ተሻገርን ከኋላ አንዱ። «ካሜራው ነቃብህ!»

ገበያው ሳቀ። ተሻገር ግን አልሳቀም፤ አያሌውም የዚያን ቀን አልሳቀም።

ታኅሣሥ ላይ አያ ተሻገር ገብሱን ሊያስወቃ ወደ ዐውድማው ሄደ። ምርቱን ወደ ላይ እየበተኑ ንፋስ ሲሰጡት፣ ሁሌ ከአንድ ወገን የሚመጣው ንፋስ ድንገት ዞረ። እብቁ ፊቱ ላይ ተመለሰ። አንዲት የእብቅ ቅንጣት በአንዷ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ያወጣለት የለም፣ ዓይኑ አበጠች፣ መገለች፣ ነጣች። ገበያ ሲመለስ ሻሽ አስሮ ነበር። ሰው ፎቶውን አምጡ አለ፤ አመጡት፤ ከፊቱ ጎን አደረጉት። 

ያችው ናት። ጭጋግ የዋጣት ያችው ዓይን።

ከዚያ ወዲያ በአያሌው ደጅ የሚያልፍ ሁሉ መዳፉን በጉንጩ ላይ አድርጎ ያልፋል። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሐረገ ወይን ገመዱ ላይ የቀሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየችና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው።

«ይህን ዓይን አባቴ ላይ አትተክልም» አለች።

«ሐረግ፣ እብቅ ነው እኮ! ንፋስ ነው! ሌንሱ ምን አገባው?»

«አገባው መች አልሁ? ንፋስ ይሁን። አሁን ለቅሶ ላይ የሟችን ፎቶ ይዞ መውጣት መጥቷል። እኔ አባቴ ሲሞቱ ምን ይዤ ልወጣ ነው? ደረቴ ላይ ይሁዳን ታቅፌ ልዙር?»

አያሌው ረጅሙን ሌንስ ይዞ ወጣ። ጎረቤቱን አዳነን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ጉድጓዱን አጥብቦ ሞከረ። ሁለቱም ዓይኖች ይወጣሉ፤ አዳነ ትንፋሹን ከያዘ ብቻ። እንደ የኔታ ትንሽ ሲወዛወዝ ግን ፊቱ ሁለት ይሆናል፣ ሦስት ይሆናል፤ አንዱ ፊት ከሌላው ውስጥ ሲወጣ ይመስላል። አያሌው ያንን ወረቀት ለማንም ሳያሳይ ቀደደው።

ጥር ገብቷል። የኔታ የሰጡት ቀን እየቀረበ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቀጠሮ አይደግሙም። አያሌው ወደ ጎንደር ከመሄዱ በፊት ቤተ ልሔም ወርዶ፣ በግቢው ዳር ዳር በኩል ከካቡ እስከ ወይራዋ ያለውን ርቀት በመጫኛ ለክቶ ገመዱን ቋጠረበት። ያን መጫኛ በትከሻው ጥሎ ጎንደር ሲገባ ለጥምቀት የመጣው ሰው «በሬህ ጠፋህ ወይ?» እያለ አላገጠበት።

ሙሴ ካሬኪን የተሻገርን ፎቶ ተቀብለው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«አልነገርሁህም? ዓይኑስ ምን ሆነ?»

«ጠፋች።»

«በፎቶው ላይ ነው የምልህ።»

«እኔ ደግሞ በገበያው ነው የምልዎ።»

ሙሴ ካሬኪን ነገሩን እስኪጨርስ ሰሙት። ረጅሙን ሌንስ ተቀበሉ፣ መክደኛውን ገጠሙ፣ አማተቡና መሳቢያ ውስጥ አፉን ወደ ታች ደፍተው አስቀመጡት። ዘጠናዋን ያለ ክርክር ሰጡት። ሁለቱ መጫኛውን ከሱቁ ደጅ መንገዱ ላይ ዘረጉት፤ ሙሴ ራሳቸው ከጫፉ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አያሌው በዘጠናዋ አየ። ከራስ እስከ ደረት፣ ሰውየው ሙሉ ሰው ናቸው። አልቀረቡም፣ አልራቁም። ዘወር በሉ አላቸው፤ ዘወር አሉ፤ ሁለቱም ዓይኖች አሉ።

«ይቺ ታውቃለች» አለ።

«ምን ታውቃለች?»

«የት መቆም እንዳለባት።»

በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ማለዳ የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከወይራው ሥር ተቀምጠው ጠበቋቸው። ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ ራቅ ብለው ቆሙ። አያሌው ከካቡ ውጭ ቆሞ፣ ካቡ ላይ የገብስ ከረጢት አኑሮ ካሜራውን አስደገፈ። ሐረገ ወይን ከጎኑ ነበረች።

ንፋስ አልነበረም። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቀን አይታወቅም፤ የወይራው ቅጠል አንዲቷም አልነቀነቀችም።

አያሌው በዘጠናዋ አየ። የየኔታ ፊት መጣ፤ ግንባራቸው፣ ሽበታቸው፣ ዓይናቸው። እንዴት ያለ ፊት ነው! ሊጫን ሲል ግን አንድ ነገር ከለከለው። ፎቶ አንሺ የሰው እይታ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፣ እንጀራው ነው። የኔታ ወደ እሱ ዞረዋል፣ እይታቸው ግን እሱ ጋ አልደረሰም። መንገድ ላይ ቀርቷል። ከሱ ወዲያ፣ ከሳቸው ወዲህ፣ ከሣሩ በላይ የሆነ ቦታ አርፏል።

«የኔታ፣ ወደዚህ ይመልከቱ።»

«እየተመለከትሁ ነው።»

«ወደ እኔ፣ ወደ መስታወቱ።»

የኔታ ፈገግ አሉ። «ትንሽ ፈቀቅ በይለት» አሉ።

ሐረገ ወይን ከካቡ ውጭ ደነገጠች። «እኔን ነው አባዬ?»

የኔታ ያዩ የነበረው ወደ እሷ አልነበረም።

የአያሌው ጣቶች ራሳቸው ቀለበቱን አዞሩት። እይታቸው ወዳረፈበት፣ ወደ ቅርቡ። የኔታ ቀስ ብለው ጭጋግ ሆኑ፤ በባዶው አየር መካከል አንድ ቀጭን ነገር መጥራት ጀመረ። ክር ነው። ነጭ የጥጥ ክር፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ይንቀጠቀጣል። ከጫፉ እንዝርት ተንጠልጥሏል፤ እንዝርቱ ላይ የተሰካችው ክብ ቀንድ ጥቁር ናት፤ ትሾራለች። ድምፅ የለም። ትሾራለች።

አያሌው ዓይኑን ከካሜራው ነቀለ። በባዶ ዓይኑ አየ፤ ሣር ብቻ። ተማሪዎቹ ቆመዋል። ሚስቱ አባቷን ታያለች። መልሶ ዓይኑን ካሜራው ላይ አደረገ። ቀለበቱን ወደ ሩቁ መለሰ፣ ክሩ ሟሟ፣ የኔታ ተመለሱ፤ ሁለት ዓይን፣ ሁለቱም ጥርት ብለው። ተጫነው።

«በቃ» አሉ የኔታ። ንፋሱ ያኔ መጣ።

ስለ ክሩ ለማንም አልተናገረም። በነገታው ክፍሉን ዘግቶ፣ ቀዩን መብራት አብርቶ ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ሲከት እግዚኦ ይል ነበር። ጥምጥሙ መጣ። ፂሙ መጣ። ዓይኖቹ አብረው መጡ! በአንድ ጊዜ፣ እኩል፣ እንደ መንታ! አያሌው ብቻውን ጮኸ፤ ሐረገ ወይን ከጓዳ እየሮጠች መጣች።

ሲደርቅ ወደ በሩ ብርሃን አወጣችው።  ከዚያ ዘጠናዋን ሌንስ ገልብጣ፣ እንዳስተማራት እንደ ማጉያ አድርጋ፣ በአባቷ ዓይኖች ላይ ጎንበስ አለች። በየዓይኑ ብሌን ላይ አንዳንድ ነጭ ነጥብ ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ፍንጭት ናት» አለች።

«ማን?»

«እማዬ። አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ከግንባሯ ላይ ጠባሳ አለች፣ እዚህ ጋ።» ጣቷን በራሷ ግንባር ላይ አደረገች። «ምነው፣ አይታይህም?»

አያሌው ጎንበስ ብሎ አየ። የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ ሁለት ነጭ ነጥቦች። ሌላ ምንም።

«ይታየኛል» አለ።

«ስትፈትል ነው የምትኖረው። የእንዝርቷ ቀንድ ጥቁር ነበረች። እንዴት ነው የረሳኋት?»

አያሌው በረደውና በሩን ዘጋው። ብርዱ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ግን ዘጋው።

ፎቶውን ለየኔታ ወስደው ሲያሳዩዋቸው እጃቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ ራቅ አድርገው ተመለከቱት።

«ሁለታችንም ደኅና ወጥተናል» አሉና መለሱላት።

ክረምቱ ሳይገባ የኔታ ወልደማርያም አረፉ። በሽታ አልጠናባቸውም፤ ከወይራው ሥር እንደተቀመጡ ነው ያገኟቸው፣ ፊታቸው ወደ ሣሩ ነበር።

አስከሬኑ ከጎጆው ሲወጣ ሐረገ ወይን ፎቶውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ፊት ለፊት ቆመች። ሁለት ዓይን ያለው አባት፣ ሕዝቡን ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚያይ። ሴቶቹ ዞር ብለው ጠበቋት። አፏን ከፈተች፤ በዚህ ጊዜ አልተዘጋም።

*እናቴ ፍንጭቷ፣ አንገተ ንቅሳቷ፣*
*በአባቴ ዓይን ውስጥ ኖሯል ለካ ቤቷ።*
*ሂድ አባቴ ግባ፣ አትቁም ከደጇ፣*
*ጋቢህን ፈትላ ይዛለች በእጇ።*

ከዚያም ጠባሳዋን አነሣች፤ አካሄዷን፣ ነጠላዋን የምትጥልበትን ትከሻ አነሣች። አሰለፈችን በሕይወት ሳለች የሚያውቋት አሮጊቶች አንድ በአንድ ለቅሷቸውን አቆሙ። እማማ ውዴ ከሁሉም ይልቅ ታውቃት ነበር፤ የጎረቤቷን ክንድ ያዘች።

«ያቺ ጠባሳ... ድስት ወድቆባት ነው፤ እኔ ነበርሁ አጠገቧ» አለች ቀስ ብላ። «ይቺ ልጅ ያኔ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ማን ነገራት?»

 ተማሪዎቹ ቃሬዛውን አነሡ። አያሌው ከልማዱ የተነሣ ከካቡ ውጭ ነበር የቆመው፤ ስለዚህም ያየው እሱ ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ ወደ በሩ ሲመጡ ወደ ዳር አላሉም። በቀጥታ መጡ። ሣሯን መሐል ለመሐል ረግጠው አለፉ፤ ከኋላቸው ካህናቱ፣ ከኋላ ሕዝቡ፣ ከሕዝቡም ኋላ ውሻው። አንድም ሰው አልዞረም፤ የሚዞሩለት ነገር ከእንግዲህ የለም።

ሁሉም ካለፉ በኋላ አያሌው ካቡን ተሻግሮ ገባና ሣሯን ረገጠ።